የሚጠቅምሽን ዓረፍተ ነገር እነሱው ጽፈውልሻል

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎት ከፍኖተ ሰላም ነው። አንድ የግል ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ረዳት ስቶር ኪፐር ሆኜ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አምና ሐምሌ ላይ ወለድኩ። ጥቅምት ላይ ከወሊድ ፈቃድ እንደተመለስኩ የዋና ስቶር ኪፐር ቦታ ወጣ። እኔና አንድ ወንድ ባልደረባዬ ተወዳደርን። ኅዳር 18 ቀን ቦታው ለእሱ እንደተሰጠ ተለጠፈ። ኅዳር 25 ቅሬታ አስገባሁ። ታኅሣሥ 6 ቀን ከስቶር አንስተው ማሸጊያ ክፍል ወረወሩኝ። በሴትነቴና በመውለዴ አድልዎ ተፈጽሞብኛል ብዬ ሰኔ 4 ቀን ወረዳ ፍርድ ቤት ከሰስኩ። አሁን የእነሱ መልስ አምስት ገጽ ሆኖ ደረሰኝ። ክሱ በይርጋ ታግዷል፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው አልፏል፣ ጉዳዩም የቦርድ ነው ይላል። ከሥራ ትቀራለች፣ ጨቅጫቃ ናት ይላል። ሳነበው እጄ ተንቀጠቀጠ። ፍርድ ቤቱ የመልስ መልስ በጽሑፍ እንዳቀርብ 15 ቀን ሰጥቶኛል። ጠበቃ የማቆምበት ገንዘብ የለኝም። ስምንት ገጽ ጽፌያለሁ። ግን መልሼ ሳየው ለቅሶ ነው የሚመስለው። ያልተከፈለኝ የትርፍ ሰዓትም አለ፤ እሱንም ልጨምርበት? ደግሞስ ልጄን አዝዬ ችሎት ብገባ ይቆጡኝ ይሆን?»

እህቴ፣ የእነሱን አምስት ገጽም ያንቺን ስምንት ገጽም አነበብኩ። የእነሱን ሦስት ጊዜ።

ይህን ልማድ የወረስኩት ከአባቴ ነው። አባቴ ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ ይጽፍ ነበር። ሰው የባላጋራውን መልስ ይዞ እየተንቀጠቀጠ ሲመጣ ቶሎ ብዕር አያነሳም። መጀመሪያ ወረቀቱን ይቀበልና ዝም ብሎ ያነባል። ሁለተኛ ጊዜ ሲያነብ ቀን የተጻፈበትን ሁሉ በቀይ ያሰምራል። ሦስተኛ ጊዜ ሲያነብ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚፈልገው፦ ባላጋራው ሳያስበው ያመነውን ነገር። ባለጉዳዩ «ኧረ ስድቡን አየኸው?» እያለ ያጣድፈዋል። እሱ ግን ስድቡን አያይም።

አንቺ ስድቡን አይተሻል። «ጨቅጫቃ ጸባይ ያላት» የምትለዋን ቃል አራት ጊዜ አስምረሽባታል። ከስምንቱ ገጽ ሦስቱን የጻፍሽው ጸባይሽን ለመከላከል ነው። ይገባኛል፤ ስድስት ዓመት ለፍቶ እንዲህ መባል ያንገበግባል። ግን ገጽ 3 ላይ ያለውን ዝለሽዋል። እንደወረደ ልገልብጥልሽ፦

«ምንም እንኳ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች እኩል 81 ነጥብ ያመጡ ቢሆንም፣ የተመረጠው ሠራተኛ የተሻለ የሥራ ልምድ ያለው ከመሆኑም በላይ የሥራ መደቡ ሌሊት መኪና ማስጫንን ስለሚጨምር አራስ ለሆነች ሴት አመቺ አይደለም።»

አንብቢው። ደግመሽ አንብቢው።

እኛ ጎጃም ቅኔ የሚፈታበት አገር ሰዎች ነን። ሰሙ «የሥራ አመራር ውሳኔ ነው» ይላል። ወርቁ «ስለወለደች ነው» ይላል። እዚህ ላይ ግን ወርቁን እንኳ አልደበቁትም። በድርጅቱ ማኅተም፣ በጠበቃቸው ፊርማ፣ በገጽ 3 ላይ ጽፈውታል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ያንቺ የመልስ መልስ እዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ይቁም። ሌላው ሁሉ አጃቢ ነው።

ለምን እንደዚህ እንዳልኩሽ ላስረዳሽ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 87 አለ። ንዑስ አንቀጽ 1 በጾታ ምክንያት በሴት ሠራተኛ ላይ አድልዎ እንዳይፈጸም ይከለክላል። ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ ከዚያም ይሄዳል። ሴትና ወንድ ለቅጥር፣ ለዕድገት ወይም ለሌላ ጥቅም ተወዳድረው እኩል ውጤት ካመጡ ቅድሚያው ለሴቷ ነው ይላል። አየሽ? «እኩል 81» ብለው ሲጽፉ ክሱን የተከላከሉ መስሏቸው ያንቺን ግማሽ የማስረዳት ሸክም ተሸከሙልሽ። አንቺ ክስሽ ላይ ያመጣሽውን ነጥብ እንኳ አልጠቀስሽም፤ ውጤቱን አላሳዩሽማ። አሁን ነገሩሽ።

«የተሻለ ልምድ አለው» ላሉት መልሱ በእጅሽ ነው። ከክስሽ ጋር ያያያዝሽውን የክፍት ቦታ ማስታወቂያ ተመልከቺ። ፈተና 50፣ የሥራ አፈጻጸም 30፣ የሥራ ልምድ 20 ይላል። እንግዲህ የእሱ ልምድ 81 ውስጥ ተቆጥሯል ማለት ነው። አንዴ የተቆጠረን ነገር እኩል ሲሆኑ እንደገና መቁጠር አይቻልም። ይህን በሁለት መስመር ጻፊው፤ በሁለት መስመር ነው የሚያምረው።

«ለአራስ አመቺ አይደለም» ላሉት ደግሞ ትንሽ ተጠንቅቀሽ ጻፊ። ሕጉ የሌሊት ሥራን የሚከለክለው ለነፍሰ ጡር ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት። አንቺ ኅዳር ላይ ነፍሰ ጡር አልነበርሽም። ወልደሽ፣ ፈቃድሽን ጨርሰሽ፣ ሥራ ገብተሽ ነበር። ሌሊት መሥራት ትችያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀሽም የለም። አንድ ሰው ስላንቺ ሆኖ አስቦ፣ ስላንቺ ሆኖ ወሰነ። አድልዎ ማለት ይኸው ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 35 ላይ ሴቶች በቅጥር፣ በዕድገትና በክፍያ እኩል መብት አላቸው ይላል። ኢትዮጵያ በ1958 ዓ.ም. ያጸደቀችው በሥራና በሙያ የሚደረግን አድልዎ የሚከለክለው የዓለም ሥራ ድርጅት ኮንቬንሽን 111ም አለ። አንድ መስመር ስጪውና እለፊ። ዳኛውን የሚያሳምነው የአንቀጽ ብዛት ሳይሆን የእነሱ ገጽ 3 ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ልመለስ፤ የመልስ መልስ ምንድን ነው? ክስሽን እንደገና የምትጽፊበት ቦታ አይደለም። ያንቺ ስምንት ገጽ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከተቀጠርሽበት ቀን ጀምረሽ ታሪኩን ሁሉ እንደ አዲስ ተርከሽዋል። ዳኛው ያንን ክስሽ ላይ አንብቦታል። አሁን ማወቅ የሚፈልገው እነሱ ላሉት ምን እንደምትይ ነው። ስለዚህ የእነሱን አንቀጽ ቁጥር እየጠራሽ ተከተዪ። «ተከሳሽ በመልሱ ገጽ 3 ሁለተኛ አንቀጽ ላይ እንዲህ ብሏል» ትያለሽ። ቃሉን ሳታዛቢ ትገለብጫለሽ። ከዚያ መልስሽ። ከዚያ ማስረጃው የት እንደተያያዘ። ከሦስት ገጽ አይብለጥብሽ።

ከመቃወሚያዎቹ ጀምሪ። ዳኛው በቅድሚያ የሚያየው እነሱን ነው፤ እዚያ ከወደቅሽ ገጽ 3 ላይ አይደርስልሽም።

ይርጋውን እንይ። እነሱ «ስድስት ወር አልፏል» ብለዋል። ከኅዳር 18 እስከ ሰኔ 4 ሲቆጠር በእርግጥ ስድስት ወር ከ16 ቀን ነው። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ሕጉን ግን አምታተውታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 163 ሁሉንም ነገር በአንድ ጆንያ አልከተተም። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠ በሦስት ወር ይታገዳል። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌላ ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር። ከሥራ ውል መቋረጥ የሚነሳ ክፍያም በስድስት ወር። በተለየ ሁኔታ ያልተደነገገው ሌላው ሁሉ በአንድ ዓመት። አንቺ ከሥራ አልተባረርሽም። የምትጠይቂው ዕድገትሽንና ቦታሽን ነው። ስለዚህ አንድ ዓመቱን ያዢ።

ግን የደመወዝ ልዩነትም ጠይቀሻል፤ በወር 2,700 ብር። እዚህ ላይ ሐቀኛ ሁኚ። ከሰኔ 4 ስድስት ወር ወደ ኋላ ስትቆጥሪ ታኅሣሥ 4 ላይ ትደርሻለሽ። የታኅሣሥ ደመወዝ ወር መጨረሻ ላይ ስለሚከፈል በጊዜው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውም እንደዚያው። የኅዳሩ የ12 ቀን ልዩነት ግን ኅዳር 30 መከፈል ስለነበረበት አልፎታል። ተዪው። «የኅዳርን ልዩነት ትቻለሁ» ብለሽ በራስሽ ብዕር ጻፊ። አንድ ሺህ ብር የምትሆን ነገር ነች፤ ዳኛው ግን ቁጥር የምታውቅና የማትዋሽ ሴት ፊቱ እንዳለች ያያል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ረቂቅሽ ላይ «ኅዳር 25 ቅሬታ ስላስገባሁ ይርጋው ተቋርጧል» ብለሻል። አውጪው። ይርጋን የሚያቋርጠው ክርክሩን የመወሰን ወይም አዋጁን የማስፈጸም ሥልጣን ላለው አካል ያቀረብሽው አቤቱታ ነው፤ ወይም እነሱ መብትሽን በጽሑፍ ካመኑልሽ። ለድርጅቱ አስተዳደር ያስገባሽው ቅሬታ ብቻውን ከእነዚህ ውስጥ የለም። በአንድ ዓመቱ ስትቆሚ ደግሞ አያስፈልግሽም። ደካማ ክርክር ጠንካራውን ያሳማዋል።

ሁለተኛው መቃወሚያቸው «ጉዳዩ የወል የሥራ ክርክር ስለሆነ ሥልጣኑ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ነው» የሚለው ነው። ይህ የለመዱት መንገድ ነው፤ ዕድገት የሚል ቃል ባዩ ቁጥር ያነሱታል። አጠር አድርገሽ መልሺ። የወል ክርክር የሚባለው ውጤቱ የሠራተኞችን የጋራ መብት የሚነካ ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ የዕድገት አሰጣጥ ሥርዓቱ ራሱ ይለወጥ ከተባለ። አንቺ ደንቡ ይለወጥ አላልሽም። በነበረው ደንብ፣ በአንድ ቦታ ላይ፣ በአንቺ በአንዲት ሠራተኛ ላይ ስለደረሰ በደል ነው የምትናገሪው። ይህ የግል የሥራ ክርክር ነው፤ ለፍርድ ቤቱ የሥራ ክርክር ችሎት ነው የሚቀርበው።

አሁን «በተደጋጋሚ ከሥራ ትቀራለች» ወደሚለው። ሰባት ቀን ዘርዝረዋል። አንቺ በንዴት «ውሸት ነው፣ ቀርቼ አላውቅም» ብለሽ ጽፈሻል። እባክሽ እንዲህ አትበይ፤ የስም መቆጣጠሪያው በእነሱ እጅ ነው። ይልቅ ጠረጴዛ ላይ ሰባት ቀን ጻፊና አንድ በአንድ ሂጂበት። ከላክሽልኝ የጤና ጣቢያ ካርድ ላይ እኔ ሳመሳክር አምስቱ ቀናት የእርግዝና ክትትል ያደረግሽባቸው ናቸው። ካርዱ ላይ ማኅተም አለ፤ ቀኑ ይገጥማል። አዋጁ አንቀጽ 88 ላይ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለእርግዝናዋ ምርመራ የሐኪም ማስረጃ እስካቀረበች ድረስ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣታል ይላል። እንግዲህ ሕጉ የሰጠሽን ቀን ነው እንደ ጥፋት የቆጠሩብሽ። ስድስተኛው ልጅሽን ያስከተብሽበት ቀን ነው፤ ፈረቃ ኃላፊሽ ፈቅዶልሽ ነበር ብለሻል። ያንኑ ጻፊ፣ እሱንም በምስክርነት ጥቀሺ። ሰባተኛውን አላስታውስም ካልሽኝ ለዳኛውም «ይህን አንድ ቀን አላስታውስም» በይ። ከሰባት አንድ ቀን ያመነ ሰው የቀረውን ስድስት ይታመንለታል።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጨምሪ፦ ሥራ ትፈታለች ከተባልኩ ማስጠንቀቂያው የት አለ? በስድስት ዓመት አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የግል ማኅደርሽ ውስጥ የለም። በዚያው ዓመት የሰጡሽ የሥራ አፈጻጸም ውጤት ደግሞ ከፍተኛ ነው። የሞሉት እነሱ፣ የፈረሙት እነሱ።

ስለ ማሸጊያ ክፍሉ ዝውውር ምን አሉ? ምንም። መጨረሻ ገጽ ላይ «ሌላውንም የከሳሽ አቤቱታ ሙሉ በሙሉ እንክዳለን» ብለው ዘግተዋል። ይህች ዝምታ ትልቅ ነገር ናት። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 235 ተከሳሽ በጥቅሉ መካድ አይበቃውም፣ እያንዳንዱን ፍሬ ነገር ለይቶ መካድ አለበት ይላል። ተለይቶ ያልተካደ እንደታመነ ነው የሚቆጠረው። አንቺ ክስሽ ላይ «ኅዳር 25 ቅሬታ አስገባሁ፣ ታኅሣሥ 6 አነሱኝ» ብለሻል። አሥራ አንድ ቀን። እነሱ ይህን አልካዱም፣ ሌላ ምክንያትም አልሰጡም። አዋጁ አንቀጽ 14 ደግሞ ሠራተኛ በመብቱ ስለተጠቀመ አሠሪው እርምጃ እንዳይወስድበት ይከለክላል። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አስቀምጫቸው። ቅጽል አትጨምሪ። «በበቀል ተነሳስተው፣ በክፋት፣ በጭካኔ» የምትይው ሁሉ ይውጣ። አሥራ አንድ ቀን ራሱ ይናገራል።

እንዴት እንደሚጻፍ ላሳይሽ። ያንቺ ረቂቅ እንዲህ ይላል፦

«እነዚህ እግዚአብሔርን የማይፈሩ ሰዎች አራስ ነች ብለው እንደ ዕቃ ጣሉኝ፣ ዱቄት እየቃምኩ ሳለቅስ እየሳቁ ያልፋሉ፣ ይህ ግፍ አይደለም ወይ?»

እኔ እንዲህ ብጽፈው ደስ ይለኛል፦

«ከሳሽ ኅዳር 25 ቀን የጽሑፍ ቅሬታ አቅርቤያለሁ (ማስረጃ 3)። ተከሳሽ በ11ኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 6፣ ከረዳት ስቶር ኪፐርነት አንስቶ ማሸጊያ ክፍል መድቦኛል (ማስረጃ 4)። የዝውውር ደብዳቤው ምክንያት አልተጻፈበትም። ተከሳሽ በመልሱ ይህን ፍሬ ነገር ለይቶ አልካደም።»

የመጀመሪያው እውነት ነው። ሳነበው ልቤን ነክቶታል። ግን ጠበቃቸው በአንድ ቃል ሊያልፈው ይችላል። ሁለተኛውን ግን መልስ ሳይሰጥ ማለፍ አይችልም።

ስለ «ጨቅጫቃ» አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ተከሳሽ ስለ ጸባዬ ያለው ከክሱ ጋር ግንኙነት የሌለው፣ ማስረጃም ያልቀረበበት ስለሆነ ውድቅ ይደረግልኝ።» ሦስቱን ገጽ ቅደጂው። እናትሽ ጋ ሄደሽ አልቅሽበት፣ ለእኔም ደውይልኝ፤ ወረቀቱ ላይ ግን አይግባ።

የትርፍ ሰዓቱን አትጨምሪበት። የመልስ መልስ አዲስ ጥያቄ ማስገቢያ አይደለም። ብትጨምሪ ጠበቃቸው «ያልተከሰስንበት ነገር ነው» ብሎ ቀጠሮውን ያንዛዛዋል። ወይ ክስ ለማሻሻል ፍርድ ቤቱን በማመልከቻ አስፈቅጂ፣ ወይ ለብቻው ክሰሺ። የትርፍ ሰዓት የስድስት ወሩ ይርጋ አለበት፣ አሁንም እየቆጠረ ነው። ስለዚህ የትኛው ወር መከፈል እንደነበረበት ዛሬውኑ ጽፈሽ አስቀምጪ።

ማስረጃን በተመለከተ፣ ዋናው ሰነድ በእነሱ መሳቢያ ነው። የዕድገት ኮሚቴው ቃለ ጉባኤና የነጥብ መሙያ ቅጹ። መልሳቸው ላይ «እኩል 81» ብለው ጠቅሰውታል፣ ግን አላያያዙትም። የመልስ መልስሽ መጨረሻ ላይ ተከሳሽ የጠቀሰውን ቃለ ጉባኤና ቅጽ እንዲያቀርብ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ይስጥልኝ ብለሽ ጠይቂ። ቃለ ጉባኤው ውስጥ ስለ ልጅሽ የተጻፈ ነገር ቢኖር አይገርመኝም። የሥራ ባልደረቦችሽ ለመመስከር ይፈራሉ ብለሻል። አታስገድጃቸው፤ እነሱም እንጀራቸው ነው። ወረቀት አይፈራም፣ አይባረርም። በወረቀት ሂጂ።

ለሌሎች አንባቢዎቼ በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር። አካል ጉዳተኛ ሆናችሁ በቅጥር ወይም በዕድገት አድልዎ ከደረሰባችሁ አዋጅ ቁጥር 568/2000 የማስረዳት ሸክሙን ከእናንተ ላይ ያነሳዋል። አድልዎ አለመፈጸሙን ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ንገሩት።

አጻጻፉን በአጭሩ። ከላይ የመዝገብ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ከሳሽና ተከሳሽ። «የከሳሽ የመልስ መልስ» የሚል ርዕስ። መጨረሻ ላይ የምትጠይቂው ዳኝነት በሦስት መስመር፦ መቃወሚያዎቹ ውድቅ እንዲሆኑ፣ ቦታው ከነደመወዝ ልዩነቱ እንዲሰጠኝ፣ ዝውውሩ እንዲሰረዝ። ከዚያ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 92 መሠረት የጻፍኩት እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ ብለሽ ፈርሚ። በሦስት ቅጂ አዘጋጂ፤ አንዱ ለፍርድ ቤቱ፣ አንዱ ለእነሱ፣ አንዱ ላንቺ። መዝገብ ቤት ስታስገቢ ያንቺው ቅጂ ላይ ማኅተምና ቀን ሳያደርጉልሽ አትውጪ። ደግሞም እስከ አሥራ አምስተኛው ቀን አትጠብቂ። የሥራ ክርክር ችሎት ክስ በቀረበለት በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን አዋጁ ያዘዋል፤ ቀጠሮ ያጠረብሽ ለዚህ ነው። መብራት ይጠፋል፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ይዘጋል፣ ልጅ ያተኩሰዋል። በአሥረኛው ቀን አስገቢው።

ከማስገባትሽ በፊት ግን አንድ የሕግ ሰው ዓይን ይረፍበት። ገንዘብ አያስፈልግሽም። የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ባሕር ዳር ላይ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቅርንጫፍ አለ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ጽሕፈት ቤት አለው። ስትሄጂ ስምንቱን ገጽ አትያዢ። ሦስቱን ገጽ፣ የእነሱን አምስት ገጽና የጤና ጣቢያውን ካርድ ያዢ። ገጽ 3 ላይ ወረቀት አጣጥፈሽ ምልክት አድርጊበት። የሚያነብልሽ ሰው መጀመሪያ እሱን ይክፈት።

ውሳኔው ባይስማማሽ ደግሞ ይግባኝ የሚባለው በ30 ቀን ውስጥ ነው። አሁን ግን ስለ እሱ አታስቢ።

ልጅሽን በተመለከተ፣ ይዘሽው ግቢ። በልጅ ምክንያት ከችሎት የቀረች ከሳሽ መዝገቧ ሊዘጋባት ይችላል፤ ልጅ ይዛ የገባችን ግን የሚከለክል ሕግ የለም። ከቻልሽ እህትሽ ወይም ጎረቤት አብራሽ ትምጣና በረንዳ ላይ ትያዝልሽ። ካልሆነም ገና ስትደርሺ ለችሎት ጸሐፊዋ «ሕፃን ይዣለሁ» በያት፤ ብዙ ጊዜ መዝገብሽን ቀደም አድርገው ይጠሩታል። ጠዋት 3 ሰዓት ሳይሞላ አጥቢው። ካለቀሰ ዳኛውን አስፈቅደሽ ውጪ፣ አባብለሽ ተመለሺ።